የአንገት ደም ቅዳ ሲጠብ፦ ቀዶ ሕክምና ወይስ ስቴንት?

በአንገታችን ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት የካሮቲድ ደም ቅዳዎች አሉ። ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ውስጠኛ ግድግዳቸውን ይጎዳሉ፤ ስብና ካልሲየም እየተጠራቀመም መተላለፊያው ይጠባል። ከዚያ ላይ ቁራሽ ወይም የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል።

ሐኪሙ «መከፈት አለበት» ካለ ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። በቀዶ ሕክምናው አንገት ተቀዶ፣ ደም ቅዳው ተከፍቶ፣ የተጠራቀመው ይወጣና ይሰፋል። በስቴንቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ እስከ አንገት ይደርሳል፤ የጠበበው ቦታ በፊኛ ከተለጠጠ በኋላ ወንፊት የመሰለ የብረት ቱቦ እዚያው ይቀራል።

ወላጆቻችን «ቢላ ካልነካኝ ይሻለኛል» ሲሉ እንሰማለን። ቁስሉ ትንሽ ነው ማለት ግን አደጋው ትንሽ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ 2,502 ሕሙማንን ያሳተፈውና ውጤቱ በ2010 የታተመው ክሬስት የተባለ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። በሕክምናው ሰሞን ስትሮክ የደረሰባቸው በስቴንት 4.1 ከመቶ፣ በቀዶ ሕክምና 2.3 ከመቶ ነበሩ። ድንገተኛ የልብ ሕመም ግን በስቴንት 1.1፣ በቀዶ ሕክምና 2.3 ከመቶ ሆነ። አደጋዎቹ ተደምረው እስከ 4 ዓመት ሲታዩ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው የአንገት ነርቭ ነክቶ ድምፅ ሊያጎረንን ወይም መዋጥ ሊያስቸግር ይችላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በጊዜ ብዛት ይሻላል።

ዕድሜም ሚዛኑን ይለውጣል። በጥናቱ ከ70 ዓመት ገደማ በላይ ለሆኑት ቀዶ ሕክምናው፣ ከዚያ በታች ላሉት ስቴንቱ በመጠኑ ተሽሎ ታይቷል። እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ፦ የብዙ አረጋውያኖቻችን ዕድሜ መታወቂያው ላይ የተጻፈው በግምት ነው። መታወቂያው 64 ቢልም አባባ 72 ሊሆኑ ይችላሉ። ሐኪሙ ይህን የሚያውቀው ከነገርነው ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ትርጉም ነው። ማኅበራዊ ሥራ የምንማር ሁሉ የቤታችን አስተርጓሚዎችም ነን። እናታችን እንዳትደነግጥ ብለን «ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል» የሚለውን «ትንሽ ነገር ነው» ብለን ካሳጠርነው፣ የምትፈርመው ባልሰማችው ነገር ላይ ነው። የእስራኤል የሕሙማን መብት ሕግ (1996) ታካሚው በሚገባው መንገድ ተነግሮት በፈቃዱ እንዲወስን ያዛል፤ የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅ መብትም ይሰጣል። ስለዚህ የአማርኛ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ እንጠይቅ። እኛ አጠገባቸው ልጅ ሆነን እንቀመጥ።

ወላጆቻችን እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ይግቡ፦

1. ጥበቱ ስንት ከመቶ ነው? እስካሁን ምልክት አሳይቷል?
2. ለዕድሜዬና ለልቤ የትኛው ይሻላል?
3. እዚህ ሆስፒታል በዓመት ስንት ሰው ታከመ? ስንቱ ስትሮክ ደረሰበት?
4. መድኃኒት ብቻ ብወስድስ?

አራተኛው ጥያቄ በተለይ ምልክት ላልታየባቸው ይጠቅማል፤ ለአንዳንዶቹ መድኃኒትና ክትትል ሊበቃ ይችላል። ምልክት ለታየባቸው ግን ጊዜ የለም፤ ሕክምናው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ፊት ቢጣመም፣ እጅ ቢዝል፣ አንደበት ቢተሳሰር ወይም አንድ ዓይን ድንገት ቢጨልም፣ ወዲያው ቢያልፍም እንኳ፣ ሳንውል ሳናድር 101 እንደውል።