ድምፁን ከቪዲዮው አውጥቶ መመለስ

የነጻ ውድቀት ሙከራ በቪዲዮ ተቀርጾ ሲቀርብልን ምስሉን ትተን ወደ ድምፁ የምንዞርበት ምክንያት አለን። በሰከንድ 25 ምስል በሚያነሣ ካሜራ ሁለት ተከታታይ ምስሎች በ40 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። ድምፁ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 48000 ጊዜ ይለካል፤ በሁለት ናሙናዎች መካከል ያለው ጊዜ 0.02 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ከ2 ሜትር ከፍታ የወደቀች የብረት ኳስ ወለሉን ስትመታ የምታሰማው ድምፅ ከምስሉ የተሻለ ሰዓት ነው። ማይክሮፎኑ ከመልቀቂያውና ከወለሉ እኩል ርቆ ቢቀመጥ ደግሞ፣ ድምፁ በአየር ውስጥ ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ እርስ በርሱ ይጣፋል።

የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ፕሮግራሞች ድምፁን የሚያሳዩን በጠባብ መስመር በመሆኑ፣ ቁራጩን አውጥቶ በድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም መክፈት ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውና በነጻ የሚገኘው ኦዳሲቲ ለዚህ ይበቃል።

ሥራው የሚበላሸው በምልልሱ ላይ ነው። በ48000 የተቀዳውን ድምፅ አንዱ ፕሮግራም 44100 ነው ብሎ አነበበው እንበል። ከናሙናዎቹ የጠፋም የተጨመረም የለም፤ የሚነበቡበት ፍጥነት ብቻ ቀንሷል። ስለሆነም እያንዳንዱ የጊዜ ልዩነት በ48000/44100፣ ማለትም በ1.088 ይባዛል። የ10 ደቂቃ ንግግር 10 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ይሆናል፤ የተናጋሪውም ድምፅ ይወፍራል። ጆሮ ይህን በቸልታ ሊያልፈው ይችላል፤ ስሌት ግን አያልፈውም። በ0.639 ሰከንድ የወደቀችውን ኳስ በ0.695 ሰከንድ ወደቀች እንላለን። የስበት ፍጥንጥነት የሚገኘው የከፍታው እጥፍ ለጊዜው ካሬ ተካፍሎ ስለሆነ፣ ስሕተቱ በካሬ ያድጋል፤ 9.8 መሆን የነበረበት ውጤት 8.3 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሆኖ ይወጣል። ይህንኑ ቁጥር ይዘው የቀረቡ ተማሪዎች «የአየር ግጭት ነው» ብለው አጥብቀው ሲከራከሩን እናስታውሳለን። ለአንዲት የብረት ኳስ እንዲህ ያለ የአየር ግጭት ከየት ይመጣል!

ሌላው ችግር የኤሌክትሪክ መስመር እምታ ነው። በአገራችን የመስመሩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ እምታው በ50፣ በ100 እና በ150 ኸርዝ ላይ ይታያል። በጠባብ ማጣሪያ ማስወገድ ይቻላል፤ ነገር ግን ማጣሪያው በጠበበ መጠን በጊዜ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ያስተጋባል፤ ድንገተኛውንም የምት ድምፅ እየጎተተ ያደበዝዘዋል። ለአድማጭ የሚቀርበው ቅጂ ይጣራ፤ ጊዜ የሚለካበት ግን እንደተቀዳ ይቆይ።

ቁራጩን ወደ ቪዲዮው ስንመልስ ርዝመቱ መለወጥ የለበትም። የማንፈልገውን ሳል ቆርጠን ካወጣነው ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ወደፊት ይሳባል፤ ስለዚህ በዚያው ቦታ ዝምታ እንተካበታለን። ፋይሉንም በዌቭ ዓይነት፣ በ48000 ናሙና እናስቀምጣለን። ኤምፒ3 በሚጨመቅበት ጊዜ መነሻው ላይ ጥቂት ሚሊሰከንድ ባዶ ጊዜ ሊጨምር ስለሚችል፣ ለዚህ ሥራ አንጠቀምበትም።