የብስክሌት ዕቃ መጫኛ አገጣጠም

በዚህ የሙያ ትምህርት የምንመለከተው በአሮጌ የተራራ ብስክሌት ላይ የኋላ ዕቃ መጫኛ ስለ መግጠም ነው። እዚህ ካኩማ ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። ውኃ ይመጣበታል፣ ዱቄት ይጫንበታል፣ የዕለት እንጀራም ይገኝበታል። ዛሬ በሞተር የምናውቀው የቦዳ ቦዳ ሥራ ራሱ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ሲጀመር በብስክሌት መጫኛ ላይ ሰው በማፈናጠጥ ነበር።

የተራራ ብስክሌት ጎማው ሰፊ በመሆኑ በአሸዋ ላይ ከቀጭን ጎማ ይሻላል። የአሮጌዎቹ ቴላዮ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ቢሰነጠቅም በያጅ ያድነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ነው። የመጫኛው እግሮች ወደ ታች ወርደው ከኋላ ጎማው ዘንግ አጠገብ መታሰር አለባቸው። በኮርቻው ዘንግ ላይ ብቻ ታስሮ የሚንጠለጠል መጫኛ ለጀሪካን አይሆንም፤ ሲከብደው ወደ ጎን ይዞራል።

1ኛ/ ከጎማው ዘንግ አጠገብ በቴላዮው ግራና ቀኝ የብሎን ቀዳዳ መኖሩን እንይ። አብዛኛውን ጊዜ ባለ 5 ሚሊሜትር ብሎን ይቀበላል። ቀዳዳው በቀለም ወይም በዝገት ከተደፈነ አጽድተን፣ ዘይት ቀብተን፣ ብሎኑን በእጅ እናስገባ። በእጅ እንቢ ያለውን በቁልፍ ብናስገድደው ጥርሱ ይበላል።

2ኛ/ ቀዳዳ ከሌለ በቴላዮው እግር ላይ አሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልለን፣ በላዩ የብረት ማቀፊያ እናስራለን። ላስቲኩ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ቴላዮውን በትራፓኖ መብሳት ግን ያደክመዋል።

3ኛ/ በመጀመሪያ የታችኞቹን፣ ቀጥሎ ከኮርቻው ሥር የሚታሰሩትን ብሎኖች ላላ አድርገን እንያዝ። መጫኛው ሳይዘም መቀመጡን፣ የፍሬኑንም ሽቦ አለመንካቱን አይተን ሁሉንም እናጥብቅ። ለእያንዳንዱ ብሎን ሮንዴላ፣ ከተገኘም ላስቲክ ያለው ዳዶ ይግባለት።

4ኛ/ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ብሎን ጫፉ ወደ ውስጥ እንዳይወጣ። ሰንሰለቱን ትንሹ ጥርስ ላይ አድርገን ጎማውን ስናዞር የሚነካካ ከሆነ፣ ትርፉ በመጋዝ ይቆረጥ።

5ኛ/ ጀሪካን በጎን የሚንጠለጠል ከሆነ ፔዳሉን እየመታን ተረከዛችን እንዳይነካው እንፈትሽ።

አሁን ስለ ክብደት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። በብዙ የአሉሚኒየም መጫኛዎች ላይ 25 ኪሎ የሚል ጽሑፍ ይገኛል። እንግዲህ የዚህ ዓይነቱ መጫኛ አንድ ጀሪካን እንጂ ሁለት አይችልም፤ ሰውማ ፈጽሞ አይቀመጥበትም። ከዚያ በላይ ለመጫን ወፍራም የብረት መጫኛ ያስፈልጋል። ያን ጊዜም የኋላው ጎማ ሽቦዎች እንዳይበጠሱና ፍሬኑ እንዳይከዳን መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው። ጭነት የያዘ ብስክሌት ቶሎ አይቆምምና ፍሬን ቀደም ብለን እንያዝ።

ከመካከላችን አንዱ ብሎኖቹን ካጠበቀ በኋላ ለሳምንታት ሳያያቸው ቆየ። አንድ ቀን ከራሽን ሲመለስ የግራው ብሎን ወልቆ መጫኛው ዘመመ፤ ማሰሪያውም ከጎማው ሽቦዎች ጋር ተጠላለፈ። እርሱ በጭረት ተረፈ፣ የቤተሰቡ ዱቄት ግን አሸዋ ላይ ፈሰሰ። የጠፋው ብሎን ከአውራ ጣት አይበልጥም ነበር።

ስለዚህ ብሎኖቹን ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፣ ከዚያም በየሳምንቱ በቁልፍ መሞከር ልማድ ይሁንልን። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የሁለት ደቂቃ ፍተሻ የወር ቀለብ ያድናል እንላለን። መልካም ጉዞ!