«አጋር» ነው ወይስ ሠራተኛ?

አንድ የሰፈሬ ልጅ በአፕ ጥሪ እየተቀበለ ታክሲ ይሠራል። በቅርቡ ታሞ ሁለት ሳምንት ተኛ። «የሕመም ፈቃድ የለህም እንዴ?» ስለው ሳቀና «እኔ እኮ አጋር ነኝ፤ ካልወጣሁ ገቢ የለም» አለኝ። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው በሕግ ፊት ምንድን ነው?

ጥያቄው በሚገባ ከተፈተነባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። የለንደን የኡበር ሾፌሮች «ሠራተኞች ነን» ብለው ከሰሱ። ኩባንያው በበኩሉ «እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ፤ ሾፌሮቹ የየራሳቸው ነጋዴ ናቸው» አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሥራ ክርክር ችሎት ለሾፌሮቹ ፈረደ። ይግባኙ ቀጥሎ በየካቲት 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሙሉ ድምፅ ይህንኑ አጸና።

ፍርድ ቤቱ ያየው ውሉ ላይ የተጻፈውን ስም ሳይሆን የሥራውን አካሄድ ነው። ዋጋውንም የውሉንም ቃል የሚወስነው ኩባንያው ነው። ጥሪ ደጋግሞ እምቢ ያለን ሾፌር ለጊዜው ከአፑ ያስወጣዋል። ተሳፋሪ የሚሰጠው ነጥብ ካነሰም ሊያሰናብተው ይችላል። ሾፌሩ ገቢውን ማሳደግ ከፈለገ ያለው መንገድ ብዙ ሰዓት መንዳት ብቻ ነው። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው የራሱ ነጋዴ?

በመሆኑም ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልና ከነክፍያው የዓመት ዕረፍት እንዲያገኙ ተወሰነ። ሆኖም ሙሉ ተቀጣሪ አልተባሉም። የእንግሊዝ ሕግ በተቀጣሪና በግል ሠሪ መካከል ሌላ መደብ ስላለው እዚያ ነው የገቡት።

ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናውም። በ2023 ይኸው ፍርድ ቤት የዴሊቨሩን ምግብ አድራሾች የኅብረት ድርድር ጥያቄ አልተቀበለም። ዋናው ምክንያት አድራሾቹ በፈለጉ ጊዜ ሌላ ሰው በምትካቸው መላክ መቻላቸው ነበር። ስለዚህ መልሱ የሚገኘው በአፑ ስም ሳይሆን በእያንዳንዱ ሥራ ዝርዝር ውስጥ ነው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል አለ የሚለው አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ሲስማማ ነው። ቁልፉ «መሪነት» የሚለው ቃል ነው። አፕ ይመራል ወይስ አይመራም?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዜና ስንሠራ «አጋር» የሚለውን ቃል ከኩባንያ መግለጫ ዝም ብለን ባንገለብጥ ጥሩ ነው። መጀመሪያ እንጠይቅ፤ ዋጋውን ማን ይተምናል? ጥሪ እምቢ ያለ ሾፌር ምን ይደርስበታል? አካውንቱ ሲዘጋ አቤት የሚለው ለማን ነው? የዚያ ልጅ የሁለት ሳምንት እንጀራ የተንጠለጠለው በእነዚህ መልሶች ላይ ነውና።