አፉን ያልፈታ ሕፃን ወደ ሐኪም ሲቀርብ

ሁለት ዓመት የሞላው ሕፃን አፉን ሳይፈታ፣ በስሙም ሲጠሩት ዘወር ሳይል ሲቀር፣ በቤተ ዘመድ ዘንድ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አባቱም እንዲሁ ነበረ» የሚል ነው፤ ምክሩ ከበጎ ልቡና የመነጨ ቢሆንም፣ በዚሁ ተጽናንቶ ሕፃኑ ለመማር እጅግ የተመቸበትን ዘመን በመጠበቅ ያሳለፈው ወላጅ ጥቂት አይደለም። ለሕመሙ ስም ማውጣት የሐኪም ግብር ነው፤ ሕፃኑ በዕለት ኑሮው የሚያደርገውንና የማያደርገውን መመስከር ግን የወላጅ ፈንታ ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች የሚነገረው ይህን ምስክርነት በሥርዓት አሰናድቶ ከሚገባው ሰው ፊት ስለ ማቅረብ ነው።

አስቀድሞ ጊዜውን ማወቅ ያሻል። ሕፃን በ12 ወሩ «ባባ፣ ዳዳ» እያለ ድምፅ ሊያሰማና በእጁ ምልክት ሊሰጥ፣ በ16 ወሩ ቢያንስ አንድ ትርጉም ያለው ቃል ሊናገር፣ በ24 ወሩም ሁለት ቃል አጋጥሞ «ውሃ ስጪኝ» ሊል ይጠበቃል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ይመርመር ማለት ነው እንጂ ታሟል ማለት አይደለም፤ ይናገረው የነበረውን ቃል የተወ ሕፃን ግን በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ።

ቀጥሎ ደብተር ይያዛል። «አይሰማም» ወይም «ያስቸግራል» ብሎ መጻፍ ለሐኪሙ እምብዛም አይረባውም፤ «ማክሰኞ ጠዋት ስሙን ደጋግሜ ብጠራው አልዞረም፤ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ከጓዳ ሮጦ መጣ፤ ቡና ሲወቀጥ ጆሮውን ያዘ፤ ውሃ ሲጠማው በጣቱ አላሳየኝም፣ እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ጎተተኝ» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን፣ አዋቂ ሐኪም ከእነዚህ አራት ነገሮች ብዙ ይረዳል። ሕፃን በእንግዳ ፊት እንደ ቤቱ አይሆንምና፣ በስልክ የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቢጨመር፣ ይልቁንም ዓይኑ ፈጦ የሚቀርበት ወይም የሚንቀጠቀጥበት ሰዓት ካለ ያ ቢቀረጽ፣ ታላቅ ረዳት ይሆናል። ሲወለድ ወዲያው አልቅሶ እንደ ሆነ፣ የወፍ በሽታ ወይም ማጅራት ገትር ይዞት እንደ ነበረ፣ መቼ እንደ ተቀመጠና መቼ እንደ ቆመ ከክትባት ካርዱ ጋር አብሮ ይቅረብ።

ጉዞው ከጤና ጣቢያ ቢጀምር ይበጃል፤ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚታከም ሰው የሪፈር ወረቀት ሳይዝ ሆስፒታል ቢሄድ ለወጪ ይዳረጋልና። በዚያም «ይጠበቅ» የተባለ እንደ ሆነ፣ ወላጅ በትሕትና «እስከ መቼ እንደ ሆነ ቀኑን በካርዱ ላይ ይጻፉልኝ» ይበል፤ ቀን ያልተቆረጠለት ጥበቃ ዓመት ያስቆጥራልና።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው ጆሮ ነው። ከኋላ አጨብጭቦ መፈተን አይበቃም፤ በከፊል የሚሰማ፣ ወይም ከጆሮ ታምቡሩ በስተኋላ ውሃ የቋጠረ ሕፃን ጭብጨባውን ሰምቶ ይዞር ይሆናል፣ የንግግርን ረቂቅ ድምፅ ግን ይስታል። ሕፃኑ እንደ ተኛ በራሱ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የሚፈጸም ምርመራ ስላለ፣ «ገና ሕፃን ነው፣ አይመረመርም» የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። ንግግርን ሊያዘገይ የሚችለው የታይሮይድ ጉድለት በደም ይታወቃል፤ የአንጎል ሞገድ ምርመራ የሚታዘዘው በተለይ የሚጥል በሽታ ሲጠረጠር ነው። ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚያውከውን ኦቲዝምን ግን፣ ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ጽፎ ካሳወቀው ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ ብቻውን የሚያረጋግጥ የደም ወይም የራጅ ምርመራ የለም፤ የሚለየው ሕፃኑን አስተውሎ በማየትና ወላጅን በመጠየቅ ነው፤ ደብተሩ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በውድ መሣሪያ «አንጎሉን አይተን እንነግራችኋለን» የሚል ሰው ቢገኝ፣ ገንዘብን በቦርሳ ማቆየት ይሻላል።

ጠበል የሚወስድ ወላጅ ይውሰድ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረውን ሕፃን ግን መድኃኒቱን በድንገት ማስተው አደገኛ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደም ከማፍሰስና ቁስል ከማመርቀዝ በቀር አንደበትን አይፈታም።

ቀጠሮው እስኪደርስ ሥራ አይፈታም፤ ከሕፃኑ ፊት ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ የሚያየውን ነገር በስሙ መጥራት፣ መልሱንም ታግሦ መጠበቅ፣ ለማባበያ የተሰጠውንም ስልክ ማራቅ ይገባል፤ የምርመራው ውጤት ምንም ቢሆን ይህን ማድረግ አይጎዳም። በአዲስ አበባ፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙትን የጆይ ማዕከል የመሰሉ ስፍራዎች ስላሉ፣ ወላጅ ከወላጅ የሚማርበትን በር አስቀድሞ ማንኳኳት መልካም ነው።

ውጤቱ በሚነገርበት ቀን አንድ ሰው ብቻውን አይሂድ፤ እናት በድንጋጤ ያልሰማችውን አባት ወይም አያት ይሰማልና። ከመውጣታቸውም በፊት የተሰጠው ስም፣ የሚመለሱበት ቀንና እስከዚያ በቤት የሚሠራው ነገር በወረቀት ተጽፎ ማኅተም ይረፍበት፤ ዋናው በቤት ተቀምጦ ቅጂው ወደ መዋዕለ ሕፃናት ይሄዳል።