አካሉ የተጎዳ ወገን ወደ ሥራው እንዴት ይመለሳል?

ሥራ ለሰው ልጅ የእንጀራው ምንጭ ብቻ አይደለም። ሰው በሥራው ይታወቃል፤ በሥራውም ይከበራል። በየሰፈራችን አንዱን «ሸማኔው»፥ አንዱን «ልብስ ሰፊው»፥ ሌላውን «ጎበዙ አራሽ» እያልን የምንጠራው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በጦርነት፥ በመኪና አደጋ ወይም በበሽታ አንድ እግሩን ወይም አንድ እጁን ያጣ እንደ ሆነ፥ ከአካሉ ጋራ ስሙንና ክብሩንም አብሮ ሊያጣ ይገባዋልን? በዚች አጭር ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለሰሜን ወሎ ልጆች በመጽሐፍ ብቻ የምናነበው የሩቅ ታሪክ አይደለም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም በጦርነቱ መካከል ቆይታለች፤ መርሳና ሌሎቹ የሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎችም ከእሳቱ አላመለጡም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምም፥ ፈንጂ የቆረጠው እግር በፊርማ ተመልሶ አይበቅልም። ከዚያም ወዲህ ቢሆን በክልላችን የተኩስ ድምፅ ፈጽሞ አልጠፋም። በዚህ ላይ ሳይፈነዳ በየማሳው የቀረው ጥይትና ቦምብ፥ በዋናው መንገድ የሚደርሰው የመኪና አደጋ፥ እግርን እስከ ማስቆረጥ የሚያደርሰው የስኳር በሽታም አለ።

አንድ አባወራ ከሥራ ሲወጣ በቤቱ ላይ የሚመጣውን እንመልከት። እግሩን ያጣ ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ጎተራው የሚገባው እህል እኩሌታው ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ በሬው ይሸጣል፤ ከዚያም ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻ ወይም ወደ ቀን ሥራ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ሰው እግር መቆረጥ በመጨረሻው በእኛው ክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

በአገራችን ለተጎዳ ሰው እጅ መዘርጋት የቆየ ልማድ ነው። ክርስቲያኑ ምጽዋት ይሰጣል፤ እስላሙ ሰደቃ ያወጣል። ይህን የተቀደሰ ልማድ የሚነቅፍ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዳሩ ግን ምጽዋት የዛሬን ራት ይሰጣል እንጂ የነገውን ሥራ አይሰጥም። ከዚህም የባሰው፥ ሰውየው መሥራት እየቻለ «አይ፥ አንተማ ተቀመጥ» ብለን በርኅራኄ ስናስቀምጠው ነው። አደጋው አንድ እግሩን ወሰደበት፤ እኛ ደግሞ ሁለቱን እጆቹን አሠርንበት ማለት ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት በዚህ ነገር ላይ በ1955 (እ.ኤ.አ.) የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 99ን፥ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ስምምነት ቁጥር 159ን አውጥቷል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1991 (እ.ኤ.አ.) ተቀብላ አጽድቃለች። የስምምነቱ ዓላማ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ ይኸውም አካል ጉዳተኛው የሚስማማውን ሥራ እንዲያገኝ፥ ያገኘውን ሥራ እንዲይዝና በሥራውም እንዲያድግ ነው። «እንዲያድግ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ሰውን በአንድ ጥግ አስቀምጦ ደመወዝ መስጠት ብቻ ዓላማው አይደለም።

የመጀመሪያው ደረጃ አካልን ማዘጋጀት ነው።

ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሰው ሠራሽ እግር ከመደብር እንደ ጫማ ተለክቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በፊት ቁስሉ መዳን አለበት። ከዚያም የቀረው የእግር ክፍል እብጠቱ እንዲቀንስና ቅርጹ እንዲስተካከል በፋሻ በደንብ ይጠቀለላል። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰብ ለበሽተኛው በማዘን ከጉልበቱ ሥር ትራስ ያደርግለታል፤ ይህ ግን ይጎዳዋል። ጉልበቱ ታጥፎ ከሰነበተ ጅማቱ ያጥርና ኋላ አልዘረጋም ይላል፤ ያልተዘረጋ ጉልበት ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር ለመልበስ አይመችም። ስለዚህ ጉልበቱን አዘውትሮ መዘርጋት፥ የተቆረጠውንም ቦታ በየቀኑ አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ቁስሉ ሲድን ባለሙያው የቀረውን እግር በጄሶ ፋሻ ጠቅልሎ ቅርጹን ይወስዳል። በዚያም ቅርጽ ላይ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ በምድጃ አሙቆ ይለብጠዋል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በብዙ አገሮች ያስፋፋው ይህ ዘዴ ርካሽና ቀላል ከመሆኑም በላይ ውሃና እርጥበት አያበላሸውም። እግሩ ከተሠራ በኋላ ሰውየው በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል እየተደገፈ መሄድን እንደ ሕፃን እንደ ገና ይማራል። ለወልድያና ለሀብሩ ሰው ይህ አገልግሎት በዋናው መንገድ ላይ የሚገኘው በደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል ነው። ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከመርሳ ደግሞ 90 ገደማ ይርቃል። ጉዞው የአንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እግሩ ያልቃል፥ ይላላል፥ መጠገንና መለወጥ ይፈልጋል። በተለይ ልጅ ስለሚያድግ ቶሎ ቶሎ መለካት ይኖርበታል። እንግዲህ የመኪናውንና የማደሪያውን ወጪ የሚረዳው ያጣ ሰው እግሩንም እንዳጣ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከሕንድ አገር አንድ ትምህርት እንውሰድ። በጃይፑር ከተማ በ1968 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ዶክተር ሴቲ የተባሉ የአጥንት ሐኪምና ራም ቻንድራ ሻርማ የተባሉ የእጅ ጥበብ ባለሙያ ሆነው ከጎማ አንድ እግር ሠሩ። ከውጭ የሚመጣው እግር ጫማ የሚፈልግ፥ ለመቀመጥ የማይመችና ጭቃ ውስጥ የማይገባ ነበር። የሕንድ ገበሬ ግን በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ ቁጢጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ውሃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ውስጥ ይሠራል። ሁለቱ ሰዎች ገበሬውን ለእግሩ ሲሉ ኑሮውን እንዲለውጥ አላስገደዱትም፤ እግሩን ለገበሬው ኑሮ እንዲስማማ አድርገው ሠሩለት እንጂ። ለዚህ ጉዳይ ሁሉ ቁልፉ ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ደረጃ ሥራውን መመርመር ነው።

ብዙ ጊዜ «ይህ ሰው መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ሥራ በየትኛው አካል ይሠራል? የጎደለውስ በምን ይተካል?» የሚለው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ ፈታትተን በአራት መንገድ እንመርምረው።

አንደኛ፥ ሰውየው የቀድሞ ሥራውን በቀድሞው መሣሪያ መሥራት ይችል እንደ ሆነ እናያለን። አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ መምህር፥ ጸሓፊ ወይም ባለሱቅ ምን ያግደዋል? የሚያግደው ደረጃውና የበሩ ጕበን ካልሆነ በቀር ሥራው ራሱ አያግደውም።

ሁለተኛ፥ ሥራው ያው ሆኖ መሣሪያው ይለወጣል። ልብስ ሰፊን እንውሰድ። የስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ቢሆንም በእጅ የሚዞርም አለ፤ መብራት ባለበት ከተማ ደግሞ በሞተር ይሠራል። ስለዚህ ሁለቱንም እግሮቹን ያጣ ልብስ ሰፊ ሙያው በእጆቹና በዓይኖቹ ውስጥ ሳይነካ አለ፤ የጎደለው አንዲት ሞተር ናት። በሸማኔው ዘንድ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ በእግሮቹ እየረገጠ ድሩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ በእጆቹም መወርወሪያውን ይወረውራል። አንድ እግር ብቻ የቀረው ከሆነ መርገጫውን የሚያስተካክልለት ብልህ አናጢ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፥ ቦታው ያው ሆኖ የሥራው ድርሻ ይለወጣል። አራሹን እንመልከት። በአንድ እጁ እርፉን ጨብጦ፥ በሌላው ጅራፉን ይዞ፥ በጓል ላይ ቀኑን ሙሉ ከበሬዎቹ ኋላ ይሄዳል። ከጉልበቱ በታች እግሩን ያጣ ብርቱ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ለብሶ ይህን ሊሞክር ይችላል፤ አንድ እጁን ያጣ ግን በሬ መጥመዱም ማረሱም ያስቸግረዋል። ታዲያ እርሻ ማለት ማረስ ብቻ ነውን? ዘር መምረጥ፥ ማሽላ ከወፍ መጠበቅ፥ ከብት ማድለብ፥ ንብ ማነብ፥ የእህልን ዋጋ አውቆ በጊዜው መሸጥም እርሻ ነው። በሀብሩ ወረዳ ውሃ በሚጠለፍበት ስፍራ አትክልትና ፍራፍሬ ይለማል፤ የፍራፍሬ ችግኝ ማሳደግ ደግሞ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው። ማረሱን ወገን በደቦ ቢያርስለት ባለመሬቱ ሌላውን ሠርቶ ሙሉውን እህል ያስገባል፤ እኩሌታውን አይሰጥም።

አራተኛ፥ ከሦስቱ አንዱም ያልሆነ እንደ ሆነ አዲስ ሙያ ይማራል። ስልክና ሬዲዮ መጠገን፥ የሒሳብ መዝገብ መያዝ፥ ኮምፒዩተር፥ ጫማ መስፋት ይህን የመሳሰለ ነው። ብዙ ሰው ሳይመረምር ከዚህ ከአራተኛው ይጀምራል። የሠላሳ ዓመት ገበሬ የሚያውቀውን ሁሉ አስጥሎ «ና ጫማ ጥረግ» ማለት እውቀቱን ከእግሩ ጋራ መቅበር ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ሕግን ማወቅ ነው።

በአገራችን በ1971 (እ.ኤ.አ.) በትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ተመሠርቶ ነበር። በኋላም አዋጅ ቁጥር 101/1986 ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ የሥራ ቦታዎች እንዲጠበቁላቸው አደረገ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ነገር ግን በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ አስመሰላቸው። ስለዚህ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ያንን ሽሮ ሌላ መንገድ ያዘ። በዚህ አዋጅ መሠረት አሠሪው በጉዳታቸው ምክንያት እንዳያገላቸው ተከልክሏል፤ የሥራውን ቦታና መሣሪያም እንዲያመቻችላቸው ግዴታ አለበት። ሕጉ ይህን «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ይለዋል። የጃይፑሩ ጎማ እግርና የልብስ ሰፊው ሞተር ያስተማሩን ነገር በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚገባበት መንገድ እንዲኖራቸው አዘዘ። የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ሕክምናውንና ሰው ሠራሽ አካሉን በአሠሪው ወጪ እንዲያገኝ ይደነግጋል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሕጎች አሠሪና ደመወዝ ያለውን ሰው ይረዱታል። የጊራናው ገበሬ፥ የመርሳው ሸማኔ አሠሪው ማን ነው? ለእርሱ ተመጣጣኙን ማመቻቸት የሚያደርግለት ጎረቤቱ፥ ቅሬውና ቀበሌው ብቻ ናቸው።

ሰው በአካሉ ጉዳት እንደማይወሰን የሚመሰክሩ ከወገኖቻችን መካከል አሉ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1969 (እ.ኤ.አ.) በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በማግሥቱ ዓመት በዚያው በተደረገው ውድድር ቀስት ወርዋሪ ሆኖ ቀረበ። ከዚያው ከወሎ ምድር ከሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ቢጠፋም የሕግ ባለሙያ ሆናለች፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ዳሩ ግን ለአበበ ሐኪምና ሜዳ፥ ለየትነበርሽ ትምህርት ቤት ተከፍቶላቸው እንደ ነበር አንርሳ። ብርታት በር ይፈልጋል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። በእኔ አስተያየት እያንዳንዱ ቅሬ ለቀብር ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለይቶ ለሕያዋን ቢያውለው፥ የአንድን ሰው የደሴ ጉዞ ወይም የአንድ ልብስ ሰፊ ሞተር ለመግዛት ይበቃል። ወላጆች በደቦው ጊዜ የተጎዳውን ጎረቤት ማሳ ያስቀድሙ፤ ወንበር ላይ አስቀምጠውት ሳይሆን ድርሻውን ሰጥተውት ይሁን። መምህራን ደግሞ የእንጨትና የብረት ሥራ ለሚማሩ ልጆች ምርኩዝ፥ የበር መወጣጫና የተስተካከለ ወንበር መሥራትን የትምህርታቸው ክፍል ቢያደርጉላቸው፥ ተማሪው ሙያ ይማራል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ይጠቀማል።

እኛ ተማሪዎችም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሕጉን አንብበን ለማያነብ ሰው ማስረዳት እንችላለን፤ ማመልከቻ መጻፍ እንችላለን፤ አባቱ የተጎዳበት ጓደኛችን ከትምህርቱ እንዳይቀር ደብተራችንን ማካፈል እንችላለን። በማሳ ውስጥ ያገኘነውን የማናውቀውን ብረት ሳንነካ ለትልቅ ሰው ብንናገር ደግሞ ሌላ እግር እንዳይቆረጥ እናደርጋለን። ከሁሉ በላይ አንደበታችንን እናርም፤ «አንካሳው»፥ «ቆራጣው» ማለትን ትተን ሰውን በሙያው እንጥራው። ልብስ ሰፊው ልብስ ሰፊ ነው፤ አራሹም አራሽ ነው። ስሙ ሳይጠፋ የቆየለት ሰው ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድ ያጥርለታል።