የቻይና ጎመን ከነባር ዘር፦ ከመዝራት እስከ ዘር መሰብሰብ

የቻይና ጎመን በሦስት፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ይበቅላል። የሚያስቸግረው ማስጠቅለሉ ነው። ተክሉ የቀዝቃዛ ወራት ሰብል ነው፤ በቤጂንግ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ቤተሰቦች ብርዱ ሲገባ በብዛት እየገዙ በየደጃቸው ይከምሩት ነበር። ቅጠሉ በደንብ የሚጠቀለለው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ አየር ነው። ሙቀት ሲበዛበት ተበታትኖ ይቀራል። ገና ችግኝ ሳለ የሰነበተ ብርድ ካገኘው ደግሞ ሳይጠቀለል አበባ ይሰዳል። ነባሮቹ ዓይነቶች ለዚህ ከአዳዲሶቹ ይበልጥ ስሱ ናቸው።

ስለዚህ ከማዳበሪያው በፊት ወሩን አስቡ። በደጋና በወይና ደጋ ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም መግቢያ ላይ ብትዘሩ ብርዱ ሳይጠነክር ችግኙ ይበረታል፤ የመጠቅለያው ጊዜም ከቀዝቃዛው ወቅት ጋር ይገጥማል። ከኅዳር እስከ ጥር መዝራት ግን ዘር ማባከን ነው።

ዘሩን ስትገዙ ፓኬቱ ላይ «ሃይብሪድ» ወይም «ኤፍ 1» የሚል ጽሑፍ እንዳይኖር ተመልከቱ። ከሃይብሪድ የተሰበሰበ ዘር እናቱን አይመስልም። ከነባሮቹ መካከል ሚቺሂሊ የተባለው ረጅምና ቀጭን ዓይነት የታወቀ ነው፤ ለመድረስ ከ70 እስከ 80 ቀን ይፈጃል።

መደቡን በተብላላ ፍግ ወይም በኮምፖስት አዳብሩ። ባለፈው ወቅት ጎመን ወይም ጥቅል ጎመን የነበረበትን ቦታ ተዉት፤ ተባይና የሥር በሽታ ይወርሳል። ዘሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቃችሁ፣ ቢቻል እዚያው በሚያድግበት ቦታ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ አድርጋችሁ ዝሩ። ሥሩ ሲነካካ ስለሚደነግጥ ማዛወር አይወድም። ሌሊቱ በጣም የሚበርድ ከሆነ ግን በትንንሽ ዕቃ ዘርታችሁ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፤ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ከነአፈሩ ትከሉት።

በተክሎቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር እስኪኖር አሳሱ። የተነቀለው ችግኝ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ እንዳትጥሉት።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ውኃ ነው። አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ከጨቀየ የውስጠኛው ቅጠል ጫፍ ይጠቁራል። በሽታ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ውኃው ስለተቆራረጠ ካልሲየም እስከ ልቡ አለመድረሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥሩን አጠጡ፣ ዙሪያውን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙ። ለክሽክሽና ለአባጨጓሬ በየሁለት ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ እየገለጣችሁ በእጅ ልቀሙ። ለጓሮ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። ገና በቡቃያነቱ ቅጠሉን የሚበሳሱ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ካሉ ስስ መረብ አልብሱት።

አናቱን በእጃችሁ ስትጫኑት ጠንከር ካለ ደርሷል። ከሥሩ በቢላ ቁረጡ።

ሁሉንም ግን አትቁረጡ። ለዘር የሚቀሩት በደንብ የጠቀለሉና ዘግይተው የሚያብቡት ናቸው። ቀድሞ ያበበውን ለዘር የሚያስቀር ሰው ለከርሞ አበባ እንጂ ጎመን አይሰበስብም። አንድ ተክል በራሱ ብናኝ እምብዛም ስለማያፈራ አምስት ስድስት፣ ቦታ ካለ ከዚያም በላይ አስቀሩ። የአበባው ዘንግ መውጫ እንዲያገኝ የጥቅሉን አናት በመስቀል ቅርጽ በስሱ ሰንጥቁት፤ ዘንጉንም በእንጨት ደግፉት። ንብ የሚያዳቅለው ስለሆነ በዚያው ሰሞን ፓክ ቾይ ወይም ተርኒፕ አጠገቡ እንዳያብብ ተጠንቀቁ፤ አንድ ዝርያ ናቸው። ጥቅል ጎመን ግን ሌላ ዝርያ ስለሆነ ብዙም አያሰጋም።

ቆባው ቡናማ መሆን ሲጀምር ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ እጨዱ፤ ፀሐይ ከበረታ እየፈነዳ ይረግፋል። ጨርቅ ላይ አድርቃችሁ ውቁ፣ አንፍሱ፣ ዓመቱን ጽፋችሁ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ። በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ዘር አራት ዓመት ያህል ይበቅላል።