ለሙያ ተማሪዎቻችን፦ የምርት ንድፍ፣ የጥሬ ዕቃና የማምረቻ ዘዴ ቁልፍ ቃላት

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ ውስጥ የቲሞች ለአቅመ ጋብቻ እስኪደርሱ ድረስ እንዲፈተኑ፣ ብስለት ሲታይባቸውም ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ያዝዛል። ከዚህ እንደምንረዳው የአሳዳጊነት ግብ ልጁን መመገብና ማልበስ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ጉዳይ በራሱ የሚመራ ሰው ሆኖ እንዲገኝ ማብቃት ነው። ወርሃዊ ድጋፍ አንድ ቀን ያበቃል። ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል።

ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚገቡ ልጆቻችን በመጀመሪያ የሚገጥማቸው ችግር የእጅ ሥራው ሳይሆን የቋንቋው ብዛት ነው። የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። በወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ላሜራ የሚባሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት ይሰማሉ። በቤት የሚነገረው ቋንቋ ከሁለቱም የተለየ ነው። በእነዚህ መካከል የቃላቱ ፍቺ የጠፋበት ተማሪ፣ እጁ የቱንም ያህል የቀና ቢሆን፣ መዶሻ አቀባይ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የብቃት ምዘና ጥያቄውን አንብቦ መረዳት፣ ከደንበኛ ጋር መዋዋልና ዋጋ መተመን የሚቻለው ፍቺው ሲታወቅ ነው። ስለሆነም በዚህ ትምህርት ዋና ዋናዎቹን ቃላት በአገራችን በሚታወቁ ዕቃዎች ምሳሌነት እናብራራለን።

1. ስለ ንድፍ

ንድፍ ማለት አንድ ዕቃ ከመሠራቱ በፊት ለማን፣ ለምን ጥቅም፣ ከምን ቁስና በምን ዘዴ እንደሚሠራ አስቦ መወሰን ነው። ብዙ ሰዎች ንድፍን ከሥዕል ጋር አንድ ያደርጉታል። ሥዕሉ የውሳኔው መግለጫ ነው፤ ንድፉ ግን ራሱ ውሳኔው ነው።

የንድፍ መነሻ የሚባለው የተጠቃሚውን ችግር የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአገራችን የተሠራጨው ምርጥ የተባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ነው። መነሻው ግልጽ ነበር፦ በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው ማገዶ አብዛኛው ሙቀቱ በዙሪያው ይባክናል፤ ጭሱም የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ እሳቱን ዙሪያውን የሚከልል፣ በቤት ያለውን ምጣድ የሚቀበል፣ ዋጋውም ብዙ የማይከብድ ምድጃ ያስፈልግ ነበር። ምድጃው በሦስት ጉልቻ ከሚወስደው ማገዶ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን እንደሚያድን ይነገርለታል። ወደ ኋላ የሚወጣው ሙቀትም በከንቱ እንዳይሄድ ሌላ ድስት የሚጣድበት ቦታ ተበጅቶለታል።

መስፈርት ከንድፍ መነሻ ቀጥሎ ይመጣል። መነሻው «ምጣድ የሚቀበል» ካለ፣ መስፈርቱ «ዲያሜትሩ 60 ሳ.ሜ. የሆነ ምጣድ የሚቀበል» ይላል። መስፈርት በቁጥር የሚለካ ወይም በዓይን ተረጋግጦ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልለት መሆን አለበት። «ጠንካራና ቆንጆ ይሁን» የሚል ትእዛዝ መስፈርት አይባልም፤ በሠሪውና በአሠሪው መካከል ክርክር የሚነሣውም ብዙ ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ ቃል ነው።

ከአካል ጋር መስማማት ሌላው ቁልፍ ሐሳብ ነው። ዕቃው የሚጠቀምበትን ሰው ቁመት፣ የእጅ ርዝመትና ጉልበት ያገናዘበ መሆን አለበት ማለት ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ እንመልከት። መቀመጫው ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ለተቀማጭ ይመቻል። እግሮቹም ሦስት ናቸው፤ አራት እግር ያለው ወንበር ባልተስተካከለ ወለል ላይ ሲወዛወዝ፣ ሦስት እግር ያለው ግን ሦስቱንም አስነክቶ ይቆማል።

ናሙና ማለት ብዙ ከመመረቱ በፊት ለሙከራ የሚሠራ የመጀመሪያ ዕቃ ነው። በሙስሊሞች ታሪክ ውስጥ ለዚህ ታላቅ ምሳሌ አለን። በዲያርበክር በአርቱቂዶች ቤተ መንግሥት ያገለገለው አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው የመካኒካል መሣሪያዎች መጽሐፉ ሥራውን በወረቀት ሞዴል አስቀድሞ የመሞከርን፣ የእንጨት መለኪያ ቅርጽ የማዘጋጀትን፣ ቀልጦ የፈሰሰ ብረታ ብረትንም በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የማፍሰስን ዘዴ ገልጧል። ወረቀት ርካሽ ነው፤ የተበላሸ ነሐስ ግን ውድ ነው። የናሙና ጥቅሙ ስሕተትን ገና በርካሹ ጊዜ ማግኘት ነው።

2. ስለ ጥሬ ዕቃ

ጥሬ ዕቃን የሚመርጥ ሰው በቅድሚያ የቁሱን ጠባይ ይጠይቃል። ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚያምታቷቸው የሚከተሉት ናቸው።

ጥንካሬ ማለት ቁሱ ሳይሰበር ወይም ቅርጹን ሳይለውጥ ሸክምን የመቻል አቅም ነው። ጠጣርነት ደግሞ ቁሱ መጫርንና መሰርጎድን የመቋቋም አቅሙ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መስታወት ጠጣር ነው፤ በቢላ በቀላሉ አይጫርም፤ ቢወድቅ ግን ይሰበራል። ይህ የመሰበር ጠባይ ተሰባሪነት ይባላል። የሸክላ ምጣድም ተሰባሪ ነው። ላሜራ ግን ሲመታ ይጎብጣል እንጂ አይሰባበርም፤ ይህም ሳይሰበር የመተጣጠፍና የመሳብ ጠባይ ነው።

ሙቀት አስተላላፊነት ሙቀት በቁሱ ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት ነው። ላቀች የተባለውን የከሰል ምድጃ የተመለከተ ይህን በቀላሉ ይረዳል። ውጫዊ ልብሱ ላሜራ ሲሆን ውስጡ የሸክላ ነው። ሸክላው ሙቀቱን በፍጥነት ወደ ውጭ ስለማያሳልፍ እሳቱ በውስጥ ይቆያል፤ ላሜራው ደግሞ ተሰባሪውን ሸክላ ከግጭት ይጠብቀዋል። አንዱ ቁስ የሌላውን ድክመት ሸፈነለት ማለት ነው። ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁሶች ተዋሕደው እንደ አንድ ቁስ ሲያገለግሉ ድብልቅ ቁስ ይባላሉ። ጭድ የገባበት የግድግዳ ጭቃ ለብዙዎቻችን ቅርብ የሆነ ድብልቅ ቁስ ነው፤ ጭዱ ጭቃው እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል።

ቅይጥ ማለት አንድ ብረታ ብረት ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ቀልጦ ሲቀላቀል የሚገኝ ነው። ነሐስ በጥንታዊው አሠራሩ መዳብና ቆርቆሮ፣ የነሐስ ዘመድ የሆነው ቢጫው ብራስ ደግሞ መዳብና ዚንክ ነው። አረብ ብረት የምንለው ካርቦኑ ከ2 በመቶ በታች የሆነ የብረት ቅይጥ ነው። ካርቦኑ ሲጨምር ጠጣርነቱ ይጨምራል፤ ተሰባሪነቱም አብሮ ይጨምራል።

ፕላስቲክ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሲሞቅ የሚለሰልስና እንደገና ቅርጽ የሚይዝ ነው፤ የውሃ ጀሪካን ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው አንዴ ከጠነከረ በኋላ ቢሞቅ የማይቀልጥ ነው፤ ጥቁሩ የድስት እጀታ ከዚህ ይመደባል። ጀሪካን መልሶ ሌላ ዕቃ ሲሆን የድስት እጀታ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ስለ ማምረቻ ዘዴ

የማምረቻ ዘዴዎች ብዙ ቢሆኑም በአራት መደብ ጠቅለል ያደርጓቸዋል። የመጀመሪያው ቆርጦ ማስወገድ ነው፤ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ትራፓኖና ቶርኖ የሚሠሩት የማይፈለገውን ቁስ በማንሣት ነው። ሁለተኛው ቅርጽ መስጠት ነው፤ ማፍሰስ፣ መቀጥቀጥና ማጠፍ በዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው ማገጣጠም ነው፤ ብየዳ፣ ብሎንና ምስማር የዚህ መሣሪያዎች ናቸው። አራተኛው በደረጃ በደረጃ እየጨመሩ መገንባት ሲሆን በኮምፒዩተር የሚታዘዘው ባለ ሦስት ገጽታ ኅትመት ምሳሌው ነው።

ማፍሰስን በጥቂቱ እናብራራ። በትናንሽ ወርክሾፖች ያረጀ አልሙኒየም ቀልጦ ድስት ሲሆን እናያለን፤ ብረት ግን በዚያው ምድጃ አይቀልጥም። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ብረት 1,538 ዲግሪ ይፈልጋል። የቁሱ ጠባይ የማምረቻ ዘዴውን እንደሚወስን ከዚህ እንማራለን።

ምርጥ ምድጃም የሚመረተው ሲሚንቶ ፑሚስ ከተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተቦክቶ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ነው። እዚህ ላይ ተማሪ ሊይዘው የሚገባ ነገር አለ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውሕደት ነው። ስለዚህ ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ለቀናት ውሃ ይጠጣል፤ ከፀሐይም ይከለላል። ለመሸጥ ቸኩሎ በፀሐይ ያደረቀው ሰው በመልክ ተመሳሳይ፣ በጥንካሬ ግን ደካማ የሆነ ዕቃ ያወጣል።

የአመራረት መጠንም የራሱ ቃላት አሉት፦ ነጠላ ምርት፣ የጥቅል ምርትና የብዛት ምርት። ልዩነቱን በስሌት እንየው። ለምሳሌ ያህል አንድ የቅርጽ ማውጫ 6,000 ብር ይፈጃል፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ የቁስና የጉልበት ወጪ 200 ብር ነው እንበል። 10 ዕቃ ብቻ ቢመረት የአንዱ ወጪ 800 ብር ይሆናል፤ 300 ቢመረት ግን 220 ብር ብቻ ነው። የቅርጽ ማውጫው ቋሚ ወጪ ሲባል፣ በየዕቃው የሚጨምረው ደግሞ ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል። ይህን ስሌት ሳያውቅ ሥራ የጀመረ ወጣት እየሸጠ ሊከስር ይችላል።

4. ስለ ልክና ስለ አማና

የሚፈቀድ የልክ ልዩነት ማለት ዕቃው ከታዘዘው ልክ ምን ያህል ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ተቀባይነት እንደሚኖረው የሚገልጽ ወሰን ነው። ፍጹም ልክ የሆነ ዕቃ ማንም ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ ወሰኑ አስቀድሞ ይጻፋል። «60 ሳ.ሜ.፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 2 ሚ.ሜ.» የሚል ትእዛዝ ከ598 እስከ 602 ሚ.ሜ. ያለውን ይቀበላል፤ 603ቱን ይመልሳል። ይህን በሜትርና በካሊበር እየለኩ ማረጋገጥ የጥራት ቁጥጥር ይባላል።

ልክን መጠበቅ በዲናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት እንደተለሳለሰላቸው፣ የጦር ጥሩር ሲሠሩም ቀለበቶቹን በልክ እንዲያደርጉ እንደታዘዙ ቁርኣን ይነግረናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእጅ ሥራ ከሚገኝ ምግብ የተሻለ እንደሌለ ሲያስተምሩ ምሳሌ ያደረጉት እኚሁን ነቢይ ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ሊያደርገው ይገባ እንደነበር ነግረው ማታለልን አጥብቀው አውግዘዋል። በቀለም የተሸፈነ ደካማ ብየዳ፣ በልስን የተደበቀ ስንጥቅ ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይለያል? የልጆች መቀመጫ ሲሰበር የሚወድቀው የማናውቀው ልጅ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ያለ አንድ ዕቃ ምረጡ፤ ንድፉ የፈታውን ችግር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
2. «ጠንካራ ጠረጴዛ ይሠራ» የሚለውን ትእዛዝ በሦስት የሚለኩ መስፈርቶች ለውጡ።
3. ጥንካሬንና ጠጣርነትን በራሳችሁ ምሳሌ ለዩ።
4. ከላይ ባለው ስሌት 60 ዕቃ ቢመረት የአንዱ ወጪ ስንት ይሆናል?

አሳዳጊዎችም ልጁ ከሥልጠና ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለው ይጠይቁት፤ ቃሉን በራሱ አንደበት ሲያብራራ ያን ጊዜ የእርሱ ይሆናል። የሙያ ባለቤት የሆናችሁ ደጋፊዎቻችን ደግሞ ከገንዘባችሁ በተጨማሪ በወር አንድ ቀን የወርክሾፓችሁን በር ብትከፍቱላቸው፣ ሞርሳና ካሊበር በእጃቸው እንዲይዙ ብታደርጉ፣ ትርፉ ከእናንተ በኋላም የሚቀጥል ሰደቃ ይሆንላችኋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይወፍቃቸው። አሚን።